ለጠረጴዛ ላይ ባቡር ካሜራ ስትመርጡ፣ ሜጋፒክሰሉን ለጊዜው እርሱት

የለገሃር ባቡር ጣቢያ ሕንፃ አለ። ባቡሩ የለም። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ገባ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። 784 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ። ዛሬ በባቡር ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ሰው ፉሪ ለቡ ድረስ መውጣት አለበት። የድሮውን ባቡር ለገሃር ሲገባ ማየት የሚፈልግ ሰው እንግዲህ አንድ መላ ብቻ ቀርቶታል፤ አሳንሶ ቤቱ ውስጥ መሥራት።

የሞዴል ባቡር ሥራ እኛ ጋ ብዙም አልተለመደም። ግን አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከውጭ የመጣ ዘመድ ለልጅ ብሎ ባመጣው የባቡር ስብስብ ነው። ልጁ ሁለት ቀን ይጫወትበታል፣ ከዚያ አባትየው ይቀማዋል። ኮምፔንሳቶ ይገዛል፣ ተራራ ይሠራል፣ የአዋሽን ድልድይ ይዘረጋል። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ሆኖ መመልከት ይሰለቸዋል። ሾፌሩ ቦታ ተቀምጦ ማየት ያምረዋል። ካሜራ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ካሜራ ልንገዛ ሱቅ ስንገባ ከአፋችን የምትወጣው የመጀመሪያዋ ጥያቄ «ስንት ሜጋ ነው?» የምትለዋ ናት። ለስልክ ያስኬዳል። ጠረጴዛ ላይ ለሚሄድ ባቡር ግን ሜጋፒክሰል ከሚጠየቁት ነገሮች ሁሉ የመጨረሻው ነው። ከእሱ በፊት የካሜራው ስፋት፣ ምስሉ የሚዘገይበት ጊዜ፣ ቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ ማሳየቱና ኤሌክትሪክ የሚያገኝበት መንገድ ይቀድማሉ። አንዷ ከተበላሸች 4ኬ የሚል ጽሑፍ ካርቶኑ ላይ መኖሩ ምንም አይፈይድም።

ለምን ሥራ ነው?

ካሜራው ባቡሩ አፍንጫ ላይ ተቀምጦ፣ እናንተ ስክሪን እያያችሁ ልትነዱ ከሆነ አንድ ሥራ ነው። ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ወይም ከቁም ሳጥን ጀርባ ሲገባ ቆመ፣ ወደቀ፣ አለ የሚለውን ማወቅ ሌላ ሥራ ነው። ቪዲዮ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ደግሞ ሦስተኛ። ሦስቱንም እችላለሁ የሚል ካሜራ ሦስቱንም በግማሽ ይሠራል።

ለቀረጻ ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ምስሉን በአየር መላክ አያስፈልግም። ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚቀርጽ አውራ ጣት የሚያክል ካሜራ ጠፍጣፋ ፉርጎ ላይ አሰሩት፣ ባቡሩ ዞሮ ሲመለስ ካርዱን አውጡ። አለቀ። ጥራት ላይ ገንዘብ ማውጣት ትርጉም የሚኖረውም እዚህ ጋ ብቻ ነው። ጣጣ ያለው መንዳቱ ላይ ነውና ወደዚያ እንሂድ።

መጀመሪያ ማስመሪያ

በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጠው የሞዴል ባቡር ልኬት ኤችኦ ይባላል። 1 ለ87 ነው፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊሜትር። ከእሱ የሚያንሰው ኤን 1 ለ160 ሲሆን የሐዲዱ ስፋት 9 ሚሊሜትር ነው። የድሮው የጅቡቲ መስመር በእውኑ 1 ሜትር ስፋት ነበረው። ስለዚህ በ1 ለ87 እሱን መሥራት የሚፈልግ ሰው 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ይጠቀማል።

አሁን ሒሳቡን ሥሩ። 3 ሜትር የሚሰፋ ፉርጎ በኤችኦ 34 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። በኤን ግን 19 እንኳን አይሞላም። የግድግዳው ውፍረት ሲቀነስለት ደግሞ ውስጡ የሚቀረው ቦታ ከዚያም ያንሳል። ካሜራው ብቻ መስሏችሁ እንዳትሸወዱ። ባትሪው፣ ገመዱና አንቴናውም ቦታ ይፈልጋሉ። ካሜራውን አንድ ፉርጎ ላይ፣ ባትሪውን ከኋላው ባለው ላይ አድርጎ በቀጭን ሽቦ ማገናኘት የተለመደ መላ ነው።

ከፍታውም የራሱ ነገር አለው። የእውነተኛ ባቡር ሾፌር ዓይን ከሐዲዱ በላይ 3 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። በኤችኦ ይህ 3.5 ሴንቲሜትር ያህል ይመጣል፤ በኤን 2 ሴንቲሜትር አይሞላም። ሌንሱ ከዚያ በላይ ከወጣ ስክሪኑ ላይ የምታዩት የሾፌር እይታ መሆኑ ይቀራል። ፎቅ ላይ ሆኖ መንገድ ማየት ይሆናል። እኔ ካሜራ ከመግዛቴ በፊት ካርቶን በካሜራው ልክ ቆርጬ ፉርጎ ላይ አጣብቄ ሙሉ ዙር አስኬደዋለሁ። ዋሻው አፍ ላይ ካሻሸ፣ ኩርባ ላይ ምሰሶ ከነካ፣ ገንዘቤ ገና ኪሴ ነው ያለው።

መዘግየት፦ ዋናው ጉዳይ

አርሴናል ሲጫወት በሞባይል ኢንተርኔት የሚያይ ሰው ይህን ነገር በደንብ ያውቀዋል። ጎረቤት ዲሽ ያለው ቤት «ጎል!» ብሎ ይጮኻል፣ የእናንተ ስክሪን ላይ ኳሷ ገና መሐል ሜዳ ናት። ካሜራም እንዲሁ ነው። ምስሉ ተቀርጾ፣ ተጨምቆ፣ በአየር ተልኮ፣ ስልካችሁ ላይ ተፈትቶ እስኪታይ ጊዜ ይበላል።

ጥበቃ ካሜራ ላይ አንድ ሰከንድ ቢዘገይ ማን ይጎዳል? ባቡር ላይ ግን ይጎዳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድን ባቡር በ1 ለ87 ስታሳንሱት በሰከንድ 19 ሴንቲሜትር ይሄዳል። ምስሉ አንድ ሰከንድ ከዘገየ፣ ባቡሩ ከምታዩት ቦታ አንድ ፉርጎ የሚያህል ርቀት ቀድሞ ሄዷል ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ያለው ማቆሚያ ስክሪኑ ላይ ሲታያችሁ፣ ሎኮሞቲቩ ማቆሚያውን ገጭቶ ጨርሷል።

ርካሽ የዋይፋይ ካሜራዎች በአፕሊኬሽን ሲታዩ ሲበዛ ጥሩ ከሆኑ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ፣ ካልሆነም አንድ ሰከንድና ከዚያ በላይ ይዘገያሉ። በሌላ በኩል ድሮን የሚያበሩ ሰዎች የሚጠቀሙባቸው ትንንሽ የአናሎግ ካሜራዎች አሉ። የእነሱ መዘግየት በሺኛ ሰከንድ የሚቆጠር ነው፤ 30 እና 40 አካባቢ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ባቡሩ የሚሄደው ከግማሽ ሴንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። ለዓይን የሚታወቅ ነገር አይደለም።

እዚህ ጋ የሚገርመው ነገር አናሎጉ አሮጌ ቴክኖሎጂ መሆኑ ነው። ምስሉ የድሮ ቴሌቪዥን ይመስላል፣ አንዳንዴም «በረዶ» ይጥላል። ግን አይጨምቅም፣ አይጠብቅም፤ ያየውን ወዲያው ይልካል። ለመንዳት እኔ ብዙ ሳላስብ እሱን ነው የምመርጠው።

ሻጭ ስለ መዘግየት የሚያውቀው ነገር ላይኖር ይችላል። መርካቶ ውስጥ «ወንድሜ፣ ይሄ ምን ያህል ይዘገያል?» ብዬ ስጠይቅ «እህቴ፣ 4ኬ ነው እኮ! ጥራቱን እዪው» ነው መልሱ። ልጁ ላይ አልፈርድም፤ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ስለዚህ ራሳችሁ ለኩ። አንድ ስልክ ላይ የሰዓት መቁጠሪያውን አስጀምሩ። ካሜራውን ወደዚያ ስልክ አዙሩ። የካሜራው ምስል የሚታይበትን ስክሪን ከስልኩ ጎን አስቀምጡ። በሌላ ስልክ ሁለቱን አንድ ላይ ፎቶ አንሱ። ፎቶው ላይ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ታገኛላችሁ፤ ልዩነታቸው መዘግየቱ ነው። ሱቁ በር ላይ ቆማችሁ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ደግማችሁ ደጋግማችሁ አንሱ፣ ምክንያቱም የዋይፋይ መዘግየት ከአፍታ አፍታ ይለዋወጣል።

አናሎጉ

ካሜራውና ማስተላለፊያው አንድ ላይ ተሠርተው ይመጣሉ። ክብደታቸው 5 ግራም አካባቢ ነው። በ5.8 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይልካሉ፤ ለአንድ ክፍል የሚበቃው 25 ሚሊዋት ነው። ከዚያ በላይ ጉልበት ያለው መግዛት ለእናንተ ሙቀት ብቻ ነው የሚያተርፍላችሁ። መቀበያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የራሱ ስክሪን ያለው ሲሆን ሌላው በዩኤስቢ ስልክ ላይ ይሰካል። ስልክ ላይ የሚሰካው ትንሽ መዘግየት ይጨምራል፣ ግን ዋጋው ይቀላል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንቴናው ሳይኖር ፈጽሞ አታብሩት፤ ማስተላለፊያው ሊቃጠል ይችላል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ይህ ዕቃ የተሠራው ነፋስ እየመታው እንዲበር ነው። የተዘጋ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ስትከቱት አየር አያገኝም፣ የፕላስቲኩን ቀፎ እስከማጣመም ይደርሳል። ጣሪያው ላይ የማይታይ ቀዳዳ አብጁለት፣ ባቡሩ ሲቆምም አጥፉት።

ሁለት ባቡር ሁለት ካሜራ ካላችሁ ቻናላቸውን አራርቁ። ቤት ያለው ራውተር በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ከሆነም የላይኞቹ ቻናሎቹ ከእነዚህ ካሜራዎች ጋር ሊጋጩ ይችላሉ። ምስሉ ላይ መስመር መስመር ከመጣ መጀመሪያ ራውተሩን አጥፍታችሁ እዩ።

ዋይፋዩ

ዋይፋይ ዋጋው ይቀንሳል፣ ተጨማሪ መቀበያ አይፈልግም፣ የሚነዳውም የሚመለከተውም በየስልኩ ያየዋል። ልጆች ተሰብስበው ለሚያዩት በጣም ደስ ይላል። ፍጥነቱን ቀንሳችሁ ከነዳችሁ መዘግየቱም ይቻላል።

ችግሩ ሰፈሩ ነው። አብዛኞቹ በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው የሚሠሩት። ልደታ ኮንዶሚኒየም አንዱ ፎቅ ላይ ሆናችሁ ስልካችሁን ዋይፋይ ፈልግ በሉት፤ የጎረቤቱ ሁሉ ስም ተደርድሮ ይመጣል። ሁሉም በዚያው ጠባብ መንገድ ላይ ነው የሚተላለፈው። ራውተራችሁን ወደ ቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ካሉት ውስጥ ብዙ ሰው ወደሌለበት መቀየር ልዩነት ያመጣል።

ብዙዎቹ የራሳቸውን ዋይፋይ መፍጠር ይችላሉ። ይህን የሚችለውን ምረጡ። ኢንተርኔት ቢቋረጥ፣ መብራት ጠፍቶ ራውተሩ ቢሞት ካሜራው በባትሪ ይቀጥላል። አንድ የሚያናድድ ነገር አለው፤ ስልኩ «ይሄ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ ራሱ ወደ ዳታ ይዞራል፣ ምስሉም ይቆማል። ዳታችሁን አጥፉት፣ ይስተካከላል። ካሜራው ይዞት የመጣውን የይለፍ ቃልም ቀይሩ። ሳሎን ውስጥ ያለ ካሜራ ነው፣ ባቡር ላይ ስለተሰቀለ ካሜራነቱ አይቀርም።

እጁ የማያርፍለት ሰው ደግሞ ኢኤስፒ32 ካም የሚባለውን፣ ካሜራና ዋይፋይ ያለበትን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ያውቀዋል። 27 በ40 ሚሊሜትር ነው፤ በኤችኦ ፉርጎ ውስጥ በቁመቱ ይገባል። ባለ 2 ሜጋፒክሰል ነው፣ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ። ብዙዎቹ የዩኤስቢ ቀዳዳ ስለሌላቸው ፕሮግራም የሚጫንበትን ትንሽ ሰሌዳ አብራችሁ ግዙ። አንድ ባህሪ አለው፤ 5 ቮልቱ ትንሽ ከወረደበት ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ካሜራው ተበላሸ ተብሎ ሲጣል ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ደካማ ባትሪ ወይም ቀጭን ሽቦ ነው።

ጋራዥ ውስጥ ያለው ካሜራ

ለዋሻና ለተደበቀ ሐዲድ ብዙ ሰው የማያስበው ዕቃ አለ። መካኒኮች ሞተር ውስጥ የሚያዩበት ኢንዶስኮፕ። ጫፉ ላይ 5.5 ወይም 7 ወይም 8 ሚሊሜትር የሚሰፋ ካሜራ፣ ዙሪያውን ትንንሽ መብራት፣ ከኋላው ረጅም ገመድ። ስልክ ወይም ላፕቶፕ ላይ ይሰካል። የመኪና ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ጠይቁ።

ዋሻ ጨለማ ነው፣ እሱ የራሱን መብራት ይዟል። ዋሻ ጠባብ ነው፣ እሱ እርሳስ ያህላል። በገመድ ስለሚሠራ ሞገድ አይረብሸውም፣ ባትሪም አይፈልግም። የዋሻውን ግድግዳ በስታችሁ አስገቡት። በቅርቡ ነው አጥርቶ የሚያየው፣ ከ3 እስከ 8 ሴንቲሜትር አካባቢ፤ ስለዚህ ከሐዲዱ 5 ሴንቲሜትር ላይ አስቀምጡት። ከመግዛታችሁ በፊት የእናንተ ስልክ ላይ ይሠራ እንደሆነ እዚያው ሰክታችሁ እዩ፣ ሁሉም ስልክ አይቀበለውም።

ሌንሱን ማዞር

ትንንሽ ካሜራዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ሌንሳቸው ሩቅ እንዲያይ ተስተካክሎ ነው። የእኛ ዓለም ደግሞ ከአፍንጫችን ፊት ነው ያለው። ስክሪኑ ላይ ከኋላ ያለው የቤቱ ግድግዳ ጥርት ብሎ፣ ጣቢያው ግን ደብዝዞ ከመጣ ምክንያቱ ይህ ነው። መፍትሔው ነጻ ነው። ሌንሱ በጥርስ የሚዞር ከሆነ አንገቱ ላይ ሙጫ ታያላችሁ። ሙጫውን በምላጭ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ፈልፍሉት። አንድ የአዲስ ዘመን ገጽ ከሌንሱ 20 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ አቁሙ። ስክሪኑን እያያችሁ ሌንሱን በጥቂቱ አዙሩ፣ በጣም በጥቂቱ፣ ጋዜጣው ላይ ያሉት ደቃቅ ፊደሎች እስኪነበቡ። «ሀ» እና «ሰ» መለየት ሲጀምሩ ቁሙ። በጥፍር ቀለም ጠብታ አሽጉት። ሌንሱ የማይዞር ካሜራ ከሆነ አትግዙት ባይ ነኝ።

ደስ የሚለው ነገር ትንሽ ካሜራ ለዚህ ሥራ ከትልቁ ይሻላል። የምስል መቀበያው ጥቃቅን ስለሆነ ቅርቡም ሩቁም አንድ ላይ ይጠራለታል። በትልቅ ካሜራ ተመሳሳዩን ለማግኘት ብዙ ትለፋላችሁ።

የእይታ ስፋቱን በተመለከተ፣ «170 ዲግሪ» የሚል ሲያዩ የሚጓጉ አሉ። አልመክርም። ጠርዙ ይጎብጣል፣ ለገሃር ጣቢያ ሩቅና ደቃቃ ይሆናል። ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ያለው የሾፌር ዓይን ይመስላል።

መብራቱ

ካሜራው ብዙውን ጊዜ 5 ቮልት ወይም ባለ አንድ ሴል ባትሪ 3.7 ቮልት ይፈልጋል። ሐዲዱ ላይ ካለው ኤሌክትሪክ ልስረቅ ካላችሁ ጠንቀቅ በሉ። ዲጂታል ባልሆነው በተለመደው መቆጣጠሪያ ሐዲዱ ላይ ያለው ከ0 እስከ 12 ቮልት ከፍጥነቱ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ባቡሩ ሲቆም ካሜራውም ይሞታል። ዲጂታል በሆነው ዘዴ ኤሌክትሪኩ ሁልጊዜ አለ፣ ነገር ግን አቅጣጫው የሚቀያየርና ከ5 ቮልት በጣም የበዛ ነው፤ ማስተካከያና ቮልት መቀነሻ ሳታደርጉ ካገናኛችሁት ካሜራው ያን ዕለት ያበቃለታል። ሐዲድ ላይ አቧራ ካለ ደግሞ ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል፣ የአዲስ አበባን አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ለጀማሪ ባትሪ። 300 ሚሊአምፔር የሚበላ ካሜራ 300 ሚሊአምፔር ሰዓት ባለው ባትሪ አንድ ሰዓት ያህል ይሠራል፤ በተግባር ትንሽ ያንሳል። ባትሪውን ከፉርጎው አውጥታችሁ፣ ለእሱ በተሠራ ቻርጀር፣ እያያችሁት ሙሉት። ካበጠ ዳግም አትሙሉት፣ አትጠቀሙበትም።

የክፍሉ መብራት ላይ አንዲት ቃል። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ ብዙ ካሜራ ግን 60 ላይ ተስተካክሎ ይመጣል። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ሥር ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመር ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው በዚህ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ 50 አድርጉት።

ተራራውም ይጋርዳል

በሽቦ መረብ ላይ ጄሶ ለጥፎ የተሠራ ተራራ ያምራል። ለሞገድ ግን ግንብ ነው። ባቡሩ ዋሻ ሲገባ ምስሉ የሚጠፋው ከዚህ የተነሳ ነው። ገና እየሠራችሁ ከሆነ ሽቦውን ተዉትና በካርቶን ቁራጭ ላይ ጋዜጣ በኮላ እየለጠፋችሁ ሥሩት፤ ሞገዱ ያልፋል። ተሠርቶ ያለቀ ከሆነ የመቀበያውን አንቴና ከዋሻው አፍ ትይዩ አድርጉት። ከዋሻ ሲወጣ ምስሉ ለአፍታ ነጭ የሚሆነው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ካሜራው ከጨለማ ወደ ብርሃን ራሱን እያስተካከለ ነው። ዋሻው ውስጥ አንዲት ደብዛዛ መብራት ብትሰቅሉ ይቀንሳል።

ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ

እዚህ የማይገኘውን ዘመድ ነው የሚያመጣው። የአናሎጉ ካሜራ የድሮን ዕቃ ነው፣ ድሮን ደግሞ ያለ ፈቃድ አይገባም። የሬዲዮ ሞገድ የሚለቁ ዕቃዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዕቃው ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እዚያም ጉምሩክም ጠይቁ፤ ኤርፖርት ላይ «የልጅ ባቡር ነው» ማለት ብቻውን አያወጣም። እስክሪብቶ ወይም ቁልፍ ውስጥ የተደበቀ ካሜራ አምጡልኝ አትበሉ፣ ለባቡር አይጠቅምም፣ ለጣጣ ግን ይበቃል።

ለሚመጣው ሰው በግልጽ ጻፉለት፦ 25 ሚሊዋት፣ ሌንሱ የሚዞር፣ ትርፍ አንቴና ያለው፣ ወርዱ ከ20 ሚሊሜትር የማይበልጥ። ባትሪ ከጨመረበት ደግሞ በእጅ ሻንጣው ይያዘው፤ ለብቻው ያለ የሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፣ ጫፎቹንም በፕላስተር ይሸፍናቸው።